ከጤና ቡድኑ የጎደለው መምህር

የጎንደር ክፍለ ሀገር የጤና ትምህርት ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ተገቢም ነው። ኮሌጁ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው በደምቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። በሽታ ከመድረሱ በፊት የሚከላከል ባለሙያ እንደሚያስፈልግ ያ እልቂት አሳይቷል። ኮሌጁም የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አስተምሮ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ያሰማራ ጀመር። ከዚያ ቡድን ግን አንድ ሰው ጎድሎ ቆይቷል፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ።

መምህሩ ለምን ያስፈልግ እንደነበር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይመሰክራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በየቀበሌው እንዲሠሩ የተመለመሉት አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ነበሩ፤ ሥልጠናቸውም አንድ ዓመት ነበር። ስለ ተሐዋስያን፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ሥነ ተዋልዶ የያዙት መሠረት ከሁለተኛ ደረጃ ክፍል የመጣ ነው። ከዚህም ሌላ ከደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ ከጋሳይና ከጉና ተራራ ግርጌ የሚመጣ ተማሪ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይማራል፣ ለስንቅ ደግሞ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። በዚህ አካባቢ ሥር የሰደደው ትራኮማ በዓመት አንድ ጊዜ በሚታደል መድኃኒት ብቻ አይጠፋም፤ በየቀኑ ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት ይፈልጋል። ይህን ልማድ ቤት ድረስ ለማድረስ ከእንዲህ ያለ ተማሪ የተሻለ ማን አለ?

«መምህር ሐኪም አይደለም፤ ያሳስታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ራሷ ትምህርት ቤት መጥታ ታስተምር» የሚል መልስ ይሰማል። ስጋቱ እውነት አለው። ነገር ግን ለአንድ ቀን የመጣች ባለሙያ ያስተማረችውን ልትደግም፣ ልትጠይቅና ልትፈትን አትችልም። መምህሩ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። ያሳስታል መባሉም የሥልጠናውን አስፈላጊነት ያጠናክራል፤ ምን ማስተማር፣ ምኑን ለጤና ጣቢያ መተው እንዳለበት የሚያውቀው ሲሠለጥን ነውና። ሌሎች ደግሞ መምህሩ ሥራ በዝቶበታል ይላሉ። ይህም ልክ ነው፤ ችግሩ ግን የጤና ትምህርትን በትርፍ ጊዜ የሚሠራ በጎ ፈቃድ ከማድረግ የመጣ ነው። የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ሲቋቋሙ ብዙውን ሸክም የያዘው ፈቃደኛ መምህር ነበር፤ በአንድ ሰው ፈቃድ የቆመ ሥራ ደግሞ ሰውየው ሲዛወር ይዳከማል።

ስለዚህ መፍትሔው በአበል የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና አይደለም። የጤና ትምህርት አሰጣጥ መምህሩ ገና ሙያውን ሲማር የሚወስደውና የሚፈተንበት ትምህርት መሆን አለበት። ደብረ ታቦር ዛሬ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም፣ የጤና ባለሙያ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲም አላት። ጎንደር በ1940ዎቹ የጤና ባለሙያዎችን በቡድን ማሠልጠን ከቻለች፣ በአንድ ከተማ ያሉት እነዚህ ሁለት ተቋማት መምህሩን በቡድኑ ውስጥ የማያስገቡበት ምክንያት የለም።