የእናቶች ቀን አመጣጥና ለትምህርት ያለው ትርጉም

የቤተሰብ አባላትን ለማክበር የተወሰኑ በዓላት በየትምህርት ቤቱ በመዝሙርና በስጦታ ሲታሰቡ ይታያል። የአንድ በዓል ትርጉም ግን በይበልጥ የሚታወቀው ቀኑን በመቁጠር ሳይሆን፣ ከምን ዓይነት ችግር እንደ ተነሣ በመመርመር ነው። በግንቦት መግቢያ ላይ የሚውለው የእናቶች ቀን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

የበዓሉ መነሻ በዩናይትድ ስቴትስ፣ ዛሬ ዌስት ቨርጂንያ በሚባለው ግዛት ነው። አን ሪቭስ ጃርቪስ የተባሉ እናት ከአሥር በላይ ልጆች ወልደው ለአካለ መጠን የደረሱላቸው 4 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹን በልጅነታቸው ሞት ነጠቃቸው። ወይዘሮዋም እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ የአካባቢውን እናቶች በሥራ ማኅበራት አደራጁ። ማኅበራቱ ለመድኃኒት መግዣ ገንዘብ ያሰባስቡ፣ የወተትን ንጽሕና ይቆጣጠሩ፣ ለታመሙ እናቶችም የቤት ውስጥ ረዳት ይቀጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነትም የሁለቱንም ወገን ቁስለኞችና ሕሙማን ያለ አድልዎ አስታመዋል።

ወይዘሮ አን እ.ኤ.አ. በ1905 ካረፉ በኋላ፣ ልጃቸው ወይዘሪት አና ጃርቪስ መታሰቢያውን የአገር በዓል ለማድረግ ተነሡ። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1908 በግራፍተን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ ሲፈጸም 500 ነጭ የካርኔሽን አበባ ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1914ም ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን የሜይን ወር ሁለተኛ እሑድ የእናቶች ቀን ብለው አወጁ።

ይሁን እንጂ ወይዘሪት አና በዓሉ በነጠላ ቁጥር የእናት ቀን ተብሎ እንዲጻፍ፣ እያንዳንዱም ሰው የገዛ እናቱን እንዲያከብርበት ፈለጉ። የእናታቸው ማኅበራት ግን የብዙ እናቶች የጋራ ሥራ ነበሩ። ሥራው ተረስቶ ስሜቱ ብቻ ሲቀር፣ ቀኑ የአበባ፣ የከረሜላና የካርድ ነጋዴዎች ገበያ ሆነ። ወይዘሪት አናም ይህንን ሲቃወሙ ኖረው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ያስታወጁት በዓል እንዲሰረዝ እስከ መጠየቅ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1948 በሕሙማን መጠለያ ውስጥ አረፉ።

እናትን ማክበር ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። በጉራጌ ሕዝብ ዘንድ አንትሮሽት የተባለው የእናቶች በዓል ለዚህ ምስክር ነው። በመሆኑም መምህራን ቀኑን ሲያስቡ፣ ተማሪዎች ለስጦታ ገንዘብ እንዲያመጡ ከማድረግ ይልቅ የእናቶችን ሥራ እንዲያጠኑ ቢያደርጉ ይመረጣል። ውኃ ከየት ይቀዳል? ሕፃን ሲታመም ማን ያስታምማል? በሥራው ማን ሊያግዝ ይችላል? እናቱን በሞት ያጣ ልጅም ስላሳደገችው አያት ወይም አክስት በኩራት ሊናገር ይገባዋል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ርእሱን ከጤና አጠባበቅና ከኅብረተሰብ ትምህርት ጋር ቢያገናኙት፣ በዓሉ ወደ ተነሣበት ዓላማ ይመለሳል። ይኸውም እናትን ከማወደስ አልፎ ሸክሟን ማቃለል ነው።