የተዋስነው ጆሮ

በነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር፣ በእኅቴ ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ ሁለት ምሽት ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥሁ። የእኅቴ ልጅ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆልኝ፣ የኮምፒዩተር ጨዋታውን ከፍቶ፣ «አሁን ኮቴው ከየት መጣ?» ይለኛል፤ እኔም በጣቴ አመለክታለሁ። «ከኋላ» ስል ይስቃል። «ኤሱማ፣ ከፊትዎ እኮ ነው!» … ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ነው፤ ሳቁ ፍቅር ያለበት ስለ ነበረ አልተቀየምሁትም።

የነገሩ መነሻ ገንዘብ ነው። ልጁ በቡና ለቀማ ወራት ሠርቶ ያጠራቀማትን ብር ይዞ፣ በካርቶኑ ላይ «7.1» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት የጆሮ ማዳመጫ ሊገዛ ተነሥቶ ነበር። ቁጥሩ በአድማጩ ዙሪያ የሚቆሙ 7 ድምፅ ማጉያዎችንና ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ አንድ ተጨማሪ ማጉያን ያመለክታል። ታዲያ ስምንት ማጉያ በሁለት ጆሮ ላይ እንዴት ይሰቀላል? አይሰቀልም። በዚህ ቁጥር ከሚሸጡት አብዛኞቹ ቢከፈቱ በውስጣቸው የሚገኘው፣ እንደ ማንኛውም ማዳመጫ፣ ለቀኝ አንድ ለግራ አንድ ነው፤ የቀሩት ስድስቱ ሒሳብ ናቸው። «ጉራ» በኦሮምኛ ጆሮ፣ በአማርኛ ደግሞ ትምክሕት መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው፤ በፊደል አንድ ናቸው። ሒሳቡ ግን ውሸት አይደለም፤ ረጅም ታሪክ አለው። ልጁ ብሩን ሳያወጣ ያን ታሪክ ልነግረው ወደድሁ፤ ዘመናቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ቀኝና ግራን ለጆሮ ማካፈል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ የየወገኑም አለቃ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ይባላል። በመካከል የቆመ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ ዜማው ከየት ወደ የት እንደ ተሻገረ አይጠፋውም። ይህን የመሰለውን ነገር በሽቦ የላከው ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። በ1881 በፓሪስ የኤሌክትሪክ ትርኢት ጊዜ በኦፔራው መድረክ ፊት ማይክሮፎኖች ደረደረ፤ አድማጮቹም በሌላ አዳራሽ ሆነው ለየጆሯቸው አንድ አንድ የስልክ ማዳመጫ ይዘው ሰሙ። ዘፋኙ ከቀኝ ወደ ግራ ሲራመድ ድምፁም አብሮት ተራመደ።

ይሁን እንጂ ቀኝና ግራ ሌላ ነው፤ ፊትና ኋላ ሌላ። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ በ1907 ባሳተመው ጥናት አቅጣጫን በሁለት ምልክት እንደምንለይ አስረዳ፤ ድምፁ ወደ አንዱ ጆሮ ቀድሞ በመድረሱ፣ ደግሞም ራሳችን እንደ ግንብ ከልሎት በሌላው ጆሮ ደክሞ በመሰማቱ። የጊዜው ልዩነት ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰኮንድ ገደማ ነው፤ አእምሮ ግን ይቆጥረዋል። ነገር ግን ልክ ከፊት የመጣ ድምፅና ልክ ከኋላ የመጣ ድምፅ ሁለቱን ጆሮዎች እኩል ያገኟቸዋል። እዚህ ላይ ፈራጁ የውጪው ጆሮ ነው፤ ያ ልጅ ስናጠፋ የሚቆነጠጠው እጥፋትና ሸለቆ ያለበት ሥጋ። ድምፁ በእጥፋቱ ሲጋጭ አንዳንዱ ቃና ይጎላል፣ አንዳንዱ ይከስማል፤ አእምሮም ከሕፃንነት ጀምሮ የራሱን ጆሮ ጠባይ በቃሉ ስላጠና «ይህ ከፊት፣ ያ ከላይ» ይላል። የሁለት ሰው ጆሮ ግን ቅርፁ አንድ አይደለም። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ።

በ1980ዎቹ ስኮት ፎስተር ለአሜሪካው የጠፈር ተቋም ለናሳ ኮንቮልቮትሮን የተባለ መሣሪያ ሠራ፤ የጆሮን እጥፋት ሥራ በቁጥር እየደገመ በተራ ማዳመጫ ውስጥ አቅጣጫ ያለው ድምፅ ያሰማ ነበር። በ1994 ደግሞ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ኬማር የሚባለውን፣ የጎማ ጆሮ ያለውን የሰው ምስል አቁመው በዙሪያው ካሉ 710 ነጥቦች ድምፅ እየላኩ ለኩት፤ ልኬቱንም ለወደደው ሁሉ በነፃ ሰጡ። የሰው ልጅ የጎማ ጆሮ መዋስ የጀመረው እንዲህ ነው።

የፎስተር ኩባንያ በኋላ በኦሪያል ሥር ገባ። ኦሪያል «ኤ3ዲ» በሚለው ሥራው ይህን ዕውቀት ወደ ጨዋታ አመጣው፤ በ1998 የወጣው ሃፍ ላይፍም ይደግፈው ነበር። ተፎካካሪው ክሪኤቲቭ በባለቤትነት መብት ከሰሰው። ኦሪያል በ1999 ረታ፤ ነገር ግን የክርክሩ ወጪ ጎድቶት በ2000 ከሰረ፤ ንብረቱንም የገዛው የተረታው ክሪኤቲቭ ነው። ሙግት አሸንፎ ቤቱን ያጣ ሰው ታሪክ በየወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ይሰማልና አልገረመኝም። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጨዋታዎች ወደ ድምፅ ካርዱ ይሄዱበት የነበረውን መንገድ ቆረጠው፤ የተረፈውም ጠፋ። እኔና እኩዮቼ በከተማችን ኮምፒዩተር ቤቶች ሃፍ ላይፍን ከተቀዳ ዲስክ ስንጫወት ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ ከሁለት ትንንሽ ማጉያዎች ይንጫጫ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ሞቶ ነበር፤ መሞቱንም አላወቅንም።

ትንሣኤው በ2017 ሆነ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሶኒክን ያለ ክፍያ በዊንዶውስ 10 ውስጥ አስገባ፤ በዚያው ዓመት ዶልቢ አትሞስ በ15 ዶላር ገደማ፣ በ2019 ደግሞ ዲቲኤስ ሄድፎን ኤክስ በ20 ዶላር ገደማ ቀረቡ። ከነቀምቴ ሆኖ በውጭ አገር ካርድ መክፈል ቀላል አይደለምና ለሙከራ በተሰጡን ጥቂት ቀኖች ሦስቱን አነጻጸርን።

በመጀመሪያው ምሽት ዊንዶውስ ሶኒክ ለእኔ ቁጥብ ነበር፤ ዜማውን ሳያበላሽ ቀኝና ግራውን ያሰፋል፣ ኋላውን ግን አልሰጠኝም። ዶልቢ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያስገባኛል፤ ያማረ ነው፣ ሆኖም ኮቴ ለመከተል ገደል ማሚቶው በዛብኝ። ዲቲኤስ ኮቴውን አቀረበው፤ ፊቱን ሁሉ ግን ኋላ አደረገብኝ። ልጁ በበኩሉ ዲቲኤስን ከሁሉ አስበለጠ። አንድ ማዳመጫ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ የአንድ ቤት ሰዎች፣ ሁለት ፍርድ! ምክንያቱ የሚታወቅ ነው። ኤሊዛቤት ዌንዜልና ባልደረቦቿ በ1993 እንዳሳዩት፣ በሌላ ሰው ጆሮ ልክ የሚሰማ ሰው ቀኝና ግራን በደኅና ይለያል፣ ፊትና ኋላን ግን ያምታታል። ሶኒ በ2020 ፕሌይስቴሽን 5ን ሲያወጣ አምስት ዓይነት ጆሮ አቅርቦ «ምረጡ» ያለው፣ ክሪኤቲቭና አፕልም የተጠቃሚውን ጆሮ በካሜራ አንሥተው ሒሳቡን በልኩ ለመስፋት የሞከሩት ለዚሁ ነው።

በሁለተኛው ምሽት ማውዙን ተቀበልሁት። ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ሃንስ ዋላክ በ1940 እንዳስረዳው ሰው ፊትና ኋላን ሲጠራጠር ራሱን በጥቂቱ ያዞራል፤ ድምፁ ወደየት እንደ ሸሸ አይቶ ይፈርዳል። ማዳመጫ ግን ከራስ ጋር ስለሚዞር ይህን ይነሣናል። በጨዋታ ውስጥ ራሳችንን የሚያዞርልን ማውዙ ነው። ለካ ልጁ ሲስቅብኝ የነበረው እሱ አንገት ኖሮት፣ እኔ አንገቴ ታስሮ ነው! ማውዙን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ባልሁ ቁጥር ኮቴው ቦታውን ያዘ፤ በዊንዶውስ ሶኒክም ቢሆን።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እነዚህ ሦስቱ በትክክል የሚሠሩት ጨዋታው ራሱ የዙሪያ ድምፅ ሲልክላቸው ነውና በጨዋታው ምርጫ ውስጥ 7.1 ይደረግ። እንደ ካውንተር ስትራይክ ያለ የጆሮውን ሒሳብ ራሱ የሚሠራ ጨዋታ ሲሆን ግን የዊንዶውሱ ይጥፋ፤ አለዚያ ድምፁ በሁለት የጎማ ጆሮ ያልፍና ጭቃ ይሆናል።

ልጁ የ7.1ን ካርቶን ትቶ በግማሽ ዋጋ ደኅና ባለ ሁለት ማጉያ ማዳመጫ ገዛ፤ ከተረፈውም አዲስ ማውዝ ጨመረበት። በዲቲኤሱ ግን እስካሁን አልተስማማንም። ሄሊኮፕተሩ ሲያልፍ እኔ ከኋላዬ ነው እላለሁ፣ እሱ ከፊቴ ነው ይላል። የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል።