ሽሮ ምን አጠፋ?

ዛሬ ታሪኩን ከቤታችን ልጀምር።

አባቴ ሪህ አለባቸው። ሌሊት የእግራቸው አውራ ጣት ላይ ሲነሳባቸው የብርድ ልብስ ክብደት እንኳ ያስጮሃቸዋል። አንድ ቀን ከሕክምና ሲመለሱ "ጥራጥሬ እንዳትነካ ተብያለሁ" አሉና ቤታችን ሽሮ ቆመ። እናቴ ደግሞ አያቷ ያደርጉት እንደነበረው አብሽ አቡክታ እብጠቱ ላይ ትለጥፍላቸዋለች። አብሽም እኮ የባቄላና የምስር ዘመድ ነው! "በአፍ የተከለከለው በእግር ተፈቀደ ማለት ነው?" ብዬ ቀለድኩ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ማንበብ ጀመርኩ።

የእናቴ ልጥፍ ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። በግብጹ ንጉሥ በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ከ3,000 ዓመት በላይ የቆየ የአብሽ ፍሬ ተገኝቷል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስም የአብሽ ዱቄት ተቀቅሎ እብጠት ላይ እንዲለጠፍ ጽፏል።

ታዲያ ጥራጥሬ መቼ ተከሰሰ? እ.ኤ.አ. በ1848 እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በሪህ ታማሚዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ እንደሚገኝ አሳየ። ይህ አሲድ የሚመጣው ፒዩሪን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሲበዛ እንደ መርፌ የሾለ ደቃቅ ጠጠር ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። ባቄላና ምስርም ፒዩሪን ስላላቸው ከሥጋ ጋር አብረው ተወነጀሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ግን 47,150 አሜሪካውያን ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት ወጣ። ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት በሪህ የመያዝ ዕድላቸው ጨምሮ ተገኘ። ፒዩሪን ያለባቸውን አትክልትና ጥራጥሬ የሚበሉት ላይ ግን ጭማሪ አልታየም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቢራን ጥፋተኛ አደረገው።

አባቴ ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ሽሮውን ትተው የቅዳሜ ጥብስና ቢራቸውን ቀጥለው ነበር! በሽታቸው ያልተሻለው ለካ ለዚህ ነው። የድሃ ቤት ማዕድ ተከልክሎ የድግሱ ማዕድ በነጻ ተለቀቀ።

እዚህ ላይ ግን እንዳትሳሳቱ። የአብሽ ልጥፍ ደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ አያወርድም። ለእሱ እንደ አሎፑሪኖል ያለ መድኃኒት ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ፤ የሚያዘው ግን ሐኪም ነው።

እንደገና ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። አሁን መድኃኒታቸውን ይውጣሉ፣ ሽሮም ወደ ገበታችን ተመልሷል። ቢራው ላይ ገና እየተደራደርን ነው።

በእናንተ ቤትስ ለሪህ ምን ይደረጋል? ጻፉልኝ።