«ኖርማል» የማን ነው? የደም ምርመራ ማመሳከሪያ ወሰን ታሪክ በኢትዮጵያ

በላቦራቶሪ የውጤት ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። ሐኪሙ የታካሚው የነጭ የደም ሕዋስ ወይም የሄሞግሎቢን መጠን ዝቅ ወይም ከፍ ማለቱን የሚወስነው ከእነዚህ ጋር አነጻጽሮ ነው። ሆኖም ቁጥሮቹ የማን ደም ተለክቶ እንደ ተገኙ የሚጠየቀው ከስንት አንዴ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራባቸው የቆዩት ወሰኖች በአብዛኛው ከውጭ የተወሰዱ ነበሩ።

«ኖርማል» የሚለው ቃል ራሱ በባለሙያዎች ዘንድ ጥያቄ ያስነሣው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ግሬስቤክና ሳሪስ ቃሉ ጤናማነትንና በብዛት መታየትን እንደሚያደባልቅ በማመልከት «የማመሳከሪያ ዋጋ» የሚለውን አሳብ አቀረቡ። በዚህ አሠራር ማንነታቸውና የጤንነታቸው ሁኔታ በግልጽ የተገለጸ ሰዎች ይመረጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 120 ሰዎች እንዲለኩ ይመከራል፤ ከውጤቱም መካከለኛው 95 በመቶ ይወሰዳል። ስለዚህ ከሃያ ጤናማ ሰዎች አንዱ ከወሰኑ ውጭ መውደቁ የማይቀር ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው ከኤችአይቪ ምርምር ጋር ተያይዞ ነው። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተመራማሪዎች ቫይረሱ በደማቸው ያልተገኘ 485 ጤናማ ሠራተኞችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። አማካዩ የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 6,100፣ የፕሌትሌት ደግሞ 205,000 ሆኖ ተገኘ። ሄሞግሎቢን በአማካይ ለወንዶች 16.1፣ ለሴቶች 14.3 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር። የነጭ የደም ሕዋስና የፕሌትሌት መጠን በአገሪቱ ይሠራበት ከነበረው ማመሳከሪያ ያነሰ መሆኑ ተረጋገጠ። ከመካከላቸው በዕጣ በተመረጡ 142 ሰዎች ላይ የተለካው የሲዲ4 ሕዋስ አማካይ 775 ሲሆን፣ ለንጽጽር ከቀረቡት 1,356 ጤናማ የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች በእጅጉ ያነሰ ነበር። በአንጻሩ የሲዲ8 ቁጥር ከእነርሱ ልቆ ታይቷል።

የልዩነቱ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ዝቅ ማለቱ በአፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከዳፊ ዘረ መል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ይህ ዓይነቱ ዝቅታ በዘር የሚተላለፍና በራሱ ጉዳት የማያስከትል ነው። የሲዲ4ን ማነስ ግን በዚሁ መንገድ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1998 በእስራኤል በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ የሲዲ4 መቀነስና የሲዲ8 መጨመር ሥር ከሰደደ የሆድ ትላትል ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይቷል። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ልዩነት ሲሆን፣ ሁለተኛው አካባቢው በሰውነት ላይ የሚተወው አሻራ ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚታይ ሁሉ ጤናማ ነው ማለት አይደለም።

ይህ ልዩነት በታካሚው ሕይወት ላይ የሚያሳድረው ተጽእኖ ቀላል አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሱ በተፈጥሮው አነስ ያለ ሰው በባዕድ ወሰን ሲመዘን ሊያድነው የሚችል የካንሰር ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሊቋረጥበት፣ ወይም የማያስፈልገው የመቅኔ ምርመራ ሊታዘዝለት ይችላል። የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና መጀመሪያ በሲዲ4 ቁጥር ይወሰን በነበረበት ዘመንም ከዝቅተኛ መነሻ የሚቀንስ ሰውና ከከፍተኛ መነሻ የሚቀንስ ሰው በአንድ መስፈርት ይመዘኑ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሁሉ ሳይዘገዩ ሕክምና እንዲጀምሩ በመምከሩ ይህ ልዩ ችግር ተቃልሏል፤ ሌሎቹ ግን አሁንም በየዕለቱ የሚያጋጥሙ ናቸው።

የ1999ኙ ጥናትም ቢሆን የመጨረሻው ቃል አይደለም። የተለኩት በሥራ ላይ ያሉ ዐዋቂዎች እንጂ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች ወይም የቆላ ነዋሪዎች አልነበሩም። ስለሆነም የላቦራቶሪ ባለሙያው የሚጠቀምበት ወሰን ከየት እንደ ተገኘ ለይቶ ማወቅ፣ ሐኪሙም ታካሚው ቀደም ሲል ከነበረው ውጤት ጋር ማስተያየት ይጠበቅባቸዋል። በጤንነት ጊዜ ተለክቶ በካርዱ ላይ የተመዘገበ ቁጥር፣ ከሌላ ሕዝብ ከተወሰደ ወሰን ይልቅ ለዚያ ሰው የቀረበ ምስክር ነው።