በዘረፋ፥ በልዋጭና በውሰት፤ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ወደ ልዩ ትርኢት የሄዱባቸው መንገዶች

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በታላላቅ ከተሞች ሙዚየሞች ለተወሰነ ጊዜ የሚከፈቱ ልዩ ትርኢቶች የአገራችንን ጥንታዊ ሥዕልና ንዋየ ቅድሳት እንዴት እንዳሳዩ፥ ዕቃዎቹም በምን መንገድ ከዚያ እንደ ደረሱ መመርመር ነው። ነገሩን የምንጀምረው ግን ከለንደን ወይም ከፓሪስ ሳይሆን፥ በቀድሞው የብቸናና የሞጣ አውራጃ አገር ከምትገኘው ከሮብ ገበያ ነው። ስሟ እንደሚያስረዳው ይህች ከተማ የታወቀችው ረቡዕ ረቡዕ በሚቆመው ገበያዋ ነው። እርስዋ ባለችበት በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ደብረ ወርቅ ማርያም፥ ዲማ ጊዮርጊስ፥ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። እነዚህ አድባራት ሥዕሎችንና የብራና መጻሕፍትን ሲያኖሩ የኖሩ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የኢትዮጵያ ሥዕል ትርኢት በሩቅ ከተማ ሲከፈት የሥዕሉ አገር ሰው ምን ይደርሰዋል?

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ለአንባቢዎቻችን አስቀድመን እናሳስባለን።

፩. በአገራችን የነበረው ሥዕል የማሳየት ሥርዓት

አንዳንድ ሰዎች ትርኢት የሚባለው ነገር ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ነው ይላሉ። ስሙና አዳራሹ ከውጭ መምጣቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን ሥዕልን በተወሰነ ቀን ለተሰበሰበ ሕዝብ ገልጦ ማሳየት በአገራችን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ሥርዓት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት ሲያቆሙ፥ በንባቡ ጊዜ ሥዕለ ማርያም ወጥታ በዕጣንና በስግደት እንድትከበር ሆነ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ስሙ ከነጽሕፈቱ የሚገኘው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም የሠራው በእኒሁ ንጉሥ ዘመን ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የሥዕል ሥራና ሥዕልን የማሳየት ሥርዓት ጐን ለጐን እንዳደጉ እንመለከታለን።

በደብረ ወርቅም ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባል የእመቤታችን ሥዕል እንዳለች ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ይህን የመሰለ ትውፊት ያላቸውን ሥዕሎች ለመመርመር ዲያና ስፔንሰር የተባሉት አጥኚ በጎጃምና በበጌምድር ተዘዋውረው በ1972ና በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ጽፈዋል። በ1974ቱ ጽሑፋቸው የቬኒስ ሰው ስለ ነበረው ስለ ሠዓሊው ኒኮላ ብራንካሊዮን ሥራዎች ተናግረዋል። ይህ ሠዓሊ በኢትዮጵያ ማርቆሬዎስ ተብሎ የሚታወቀው ነው፤ በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስም አግኝቶታል። የጎጃም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከቬኒስ የመጣ ሰው እጅ ያረፈበትን ሥዕል ይዞ መገኘቱ፥ አገሩ ከዓለም ተለይቶ የኖረ ነው የሚለውን አሳብ የሚያፈርስ ነው።

ሥዕል በአገራችን የሚጓዝበትም ጊዜ ነበር። ኲርዓተ ርእሱ የተባለችው የክርስቶስ ሥዕል ከነገሥታቱ ጋራ ወደ ዘመቻ ትወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ጕዞዋ ከባለቤቶችዋ ጋራ ስለ ነበረ፥ በሄደችበት ሁሉ የሚያያት ሰው ማንነቷን ያውቅ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው፥ መጋረጃ፥ የተወሰነ ቀን፥ የተሰበሰበ ሕዝብና የሚተረጕም ሰው በእኛም ዘንድ እንደ ነበሩ ነው። ልዩነቱ ሰው ወደ ሥዕሉ የሚቀርበው ሊጸልይ እንጂ ሊመረምር አለመሆኑ ነው። ሙዚየም ሥዕሉን ከጸሎቱ ለይቶ ያሳያል፤ ይህን በማድረጉ ለምርመራ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የለየውን ነገር በጽሑፍ የመተካት ግዴታ አለበት።

፪. በዘረፋ

የኢትዮጵያ ንዋየ ቅድሳት በብዛት ወደ ኤውሮፓ የሄዱበት የመጀመሪያው መንገድ መቅደላ ነው። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአድባራቱ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት፥ መስቀሎች፥ ጽዋዎችና አልባሳት ተዘረፉ። ከዚያም በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጡ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ ከጦሩ ጋራ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ብዙ ገዝቷል። ኲርዓተ ርእሱን ግን ለራሱ ስላስቀራት፥ ለብዙ ዘመን የት እንዳለች ሳትታወቅ ኖራ በኋላ በፖርቱጋል በግል ሰው እጅ ገባች።

ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ፥ በሚያዝያ 2018፥ በለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም «መቅደላ 1868» የተባለ ልዩ ትርኢት ከፈተ። ከታዩት ዕቃዎች መካከል የወርቅ ዘውድ፥ የወርቅ ጽዋና የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ነበሩ። ትርኢቱ ዕቃዎቹ በጦርነት መወሰዳቸውን አልሸሸገም፤ በዚህም ከቀድሞዎቹ ይሻላል። ነገር ግን የሙዚየሙ ዲሬክተር በዚያው ጊዜ ያቀረቡት አሳብ ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ ለኢትዮጵያ ማዋስ ይቻላል የሚል ነበር። እዚህ ላይ ባለቤቱ ተዋሽ፥ ወሳጁ አዋሽ ሆኖ ይታያል።

፫. በልዋጭ

ሁለተኛው መንገድ ከዘረፋ ያነሰ ቢመስልም ለመፍረድ የሚያስቸግር ነው። ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ በማርሴል ግሪዮል መሪነት በ1932 ጎንደር ደረሰ። በዚያም የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታውያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ወሰደ፤ በምትካቸውም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ሰጠ። ምክንያት ሆኖ የቀረበው የቀድሞዎቹ ሥዕሎች ማርጀታቸው ነበር። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የጕዞ ማስታወሻ፥ በመንገዱ ሁሉ ዕቃ ይሰበሰብ የነበረበትን ዘዴ ሳይደብቅ ጽፏል።

አሮጌውን በአዲስ መለወጥ ለአንድ ደብር ሰዎች መልካም መስሎ ሊታያቸው ይችላል፤ ሥዕል በአገራችን ሲያረጅ መታደሱ የተለመደ ነውና። ነገር ግን ለዋጩ የአሮጌውን ዋጋ ሲያውቅ ተለዋጩ ካላወቀ፥ ልዋጩ የእኩዮች ነው ልንል አንችልም። በ2025 በፓሪስ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ስለዚሁ ጓድ የከፈተው ልዩ ትርኢት፥ ከአፍሪካ አገሮችና ከፈረንሳይ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ዕቃዎቹ የተገኙበትን ሁኔታ እንደ ገና የመረመሩበት ነበር። ይህ ለትርኢት አዲስ ሥራ ነው፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን መንገድ ማሳየት ማለት ነው።

፬. በውሰት

ሦስተኛው መንገድ ውሰት ነው። በአገራችን ልማድ ብድርና ውሰት የተለያዩ ናቸው። እህል የተበደረ ሰው በመጠኑ ሌላ እህል ይመልሳል፤ ምጣድ ወይም ሰፌድ የተዋሰ ግን ያንኑ ምጣድ፥ ያንኑ ሰፌድ በደኅና እንደ ተቀበለው ይመልሳል። ለሥዕልም የሚገባው ሕግ ይኸው ነው። የ2000ው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

በ1963 በጀርመን በኤሰን ከተማ በቪላ ሂውገል የተከፈተው የቅብጥ ሥነ ጥበብ ትርኢት የኢትዮጵያን ሥራ የሚያሳይ ክፍል ነበረው። በ1973 ደግሞ በሽቱትጋርት ስለ ኢትዮጵያ መንፈሳዊ ሥነ ጥበብ ራሱን የቻለ ትርኢት ተደረገ። በሁለቱ ትርኢቶች መካከል ያለው ልዩነት ከፍ ያለ ነው፤ በመጀመሪያው ኢትዮጵያ የሌላ ታሪክ ቅጥያ ስትሆን፥ በሁለተኛው ራስዋ ርእስ ሆናለች።

በጥቅምት 1993 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በዎልተርስ ሙዚየም የተከፈተው «አፍሪካዊቱ ጽዮን» የተባለው ትርኢት ከአዲስ አበባ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በውሰት የሄዱ ሥራዎችን ይዞ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞችንም ዞሯል። የትርኢቱ መጽሐፍ ዛሬም ለተማሪዎች ዋና መሣሪያ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 2023፥ ያው ሙዚየም «ኢትዮጵያ በመስቀለኛ መንገድ» የተባለውን ትርኢት ከፈተ። ትርኢቱ ከ200 በላይ ዕቃዎችን ይዞ በ2024 ወደ ሴለም፥ ቀጥሎም ወደ ቶሊዶ ተሻገረ፤ ከጥንታዊው ጐን የዘመናችንን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ሥራም አሳይቷል።

እነዚህ ትርኢቶች ያስገኙት ጥቅም ግልጽ ነው። በየአህጉሩ ተበታትነው የሚኖሩ ሥራዎች ለጥቂት ወራት በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ፤ የአንድ ሠዓሊ እጅ ከሌላው ይለያል፤ መጽሐፍም ይታተማል። ነገር ግን ውሰቱ የተሟላው ለማን ነው ብለን እንጠይቅ። ሥዕሉ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ የተጻፈበት መጽሐፍ ግን ሥዕሉ ወደ ተገኘበት ደብር አይደርስም። ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፥ ቢደርስ እንኳ የሚያነበው ጥቂት ነው።

፭. ከትርኢት በኋላ ወደ አገር ቤት

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ምሳሌ በራሳችን ኮሌጅ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1950ዎቹ የዩኒቬርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው የየአገራቸውን ልማድ ይጽፉና በመጽሔታቸው ያትሙ ነበር። በኮሌጁ በስታኒስላው ሆይናትስኪ ትጋት የተሰበሰቡት ዕቃዎችም በ1963 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም መነሻ ሆኑ። ሙዚየሙ የሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ በአዲስ አበባ ትርኢት ሊያይ ቢፈልግ ይህ ሙዚየም፥ ብሔራዊ ሙዚየምና በዩኒቬርሲቲው ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አሉት። ጥንታዊውን ከዘመናዊው አነጻጽሮ ለማየት እነዚህን ሦስቱን በተከታታይ መጐብኘት እጅግ ይጠቅማል።

ነገር ግን ከአዲስ አበባ አባይን ተሻግሮ በደጀንና በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ እስካሁን ለሥዕል የአንድ ወገን መንገድ ነው። እኛ የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ወጪ የሚጠይቅ ነው፤ የሥዕሎቹ ጥሩ ፎቶግራፎች በአማርኛ መግለጫ ታጅበው በሮብ ገበያ በገበያ ቀን ይታዩ። ፎቶግራፎቹ ከባዶ የሚጀመሩ አይደሉም። በቶሮንቶ ዩኒቬርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» በሚል ስም የተደራጀው ስብስብ በአገራችን አድባራት የተነሡ ብዙ ሥዕሎችን ይዟል። የትኛው ሥዕል በአደባባይ እንደሚታይና የትኛው በመጋረጃው ውስጥ እንደሚቈይ የሚወስኑት ግን የየደብሩ አለቆችና ካህናት መሆን አለባቸው።

በዚህ አሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ያለውን መግለጥ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው የሚሉ አሉ፤ በተለይ ከ2023 ወዲህ በክልሉ ግጭት በመነሣቱ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ሆኖም ያልተመዘገበ ዕቃ ከጠፋ በኋላ የኛ ነው ለማለት ማስረጃ የለውም። ከትግራይ ከጨለቆት የጠፋው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ በኔዘርላንድ በአንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ እጅ ተጠብቆ ቈይቶ በየካቲት 2020 ወደ አገሩ ሲመለስ፥ ቀደም ሲል አንድ ካህን ዘውዱን ደፍተው የተነሡት ፎቶግራፍ ለማንነቱ ምስክር ሆኗል። ስለዚህ መጋረጃው ለክብር ይቈይ፤ መዝገቡ ግን ይዘጋጅ።

በመጨረሻም ጓደኞቻችን ወደ ማናቸውም ልዩ ትርኢት በገቡ ጊዜ ከእያንዳንዱ ሥዕል ፊት ቆመው ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ይህ ሥዕል ከየትኛው ደብር ወጣ? በምን መንገድ ወጣ? ስለ እርሱ የተጻፈው ነገር ለደብሩ ሰዎች ደርሷልን? በመግለጫው ላይ «ጎጃም» ብቻ ተጽፎ ቢያገኙ፥ ያ መልስ እንዳልተሟላ ለሙዚየሙ ሰዎች ያስታውቁ። ጎጃም ሰፊ አገር ነው፤ ሥዕል ግን የሚሣለው በአንድ ደብር፥ በአንድ ሰው እጅ ነው። የደብሩን ስም ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው ደግሞ በቅርብ አገሩን በሚያውቁ ሰዎች ስለሆነ፥ ከሮብ ገበያና ከመሰሎችዋ ከተሞች ወደ ዩኒቬርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎች ይህን ሥራ ለሌላ ሳይተዉ ራሳቸው ቢይዙት እንወዳለን።