የፀሐይን ሙቀት በመስታወት የመሰብሰብ ጥበብ፤ ከባግዳድ እስከ እኛ ደጋ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የሽማግሌ የማንበቢያ መነጽር ተሰብሮ አንዱ ወፍራም መስታወት ቢተርፍ፣ ቀትር ላይ በደረቅ ጭድ አናት ቢያዝ እሳት ያስነሳል። የሩቁን ለማየት የሚደረገው መሐሉ ስስ መነጽር ግን ብርሃንን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ያዩታል። ሙስሊም ሊቃውንት ግን ከሺህ ዓመት በፊት በብርቱ የደከሙበት ዕውቀት ነው።

በ984 እ.ኤ.አ. ገደማ በባግዳድ የነበረው ኢብን ሰህል ስለሚያቃጥሉ መሣሪያዎች ኪታብ ጻፈ። ጥያቄው፣ የፀሐይ ጮራ ከመስታወት ነጥሮ ወይም በብርጭቆ አልፎ በአንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኝ የመሣሪያው ቅርጽ ምን ይሁን የሚል ነበር። ለዚህም ብርሃን ከአየር ወደ ብርጭቆ ሲገባ የሚሰበርበትን ሕግ በሥዕል አሳየ። አውሮፓውያን ይህንኑ ሕግ የሚጠሩት በ1621 እ.ኤ.አ. በደረሰበት በሆላንዳዊው ስኔል ስም ነው። ከኢብን ሰህል ቀጥሎ በባስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ስለሚያቃጥል ክብ ብርጭቆና ስለ ጎድጓዳ መስታወት ጽፏል።

የኢብን ሰህል ኪታብ ግን ተበታትኖ ከፊሉ በደማስቆ፣ ከፊሉ በቴህራን ቀርቶ ነበር። የሳይንስ ታሪክ ምሁሩ ሩሽዲ ራሺድ ቅጠሎቹን አገናኝቶ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የሰውየውን ቀዳሚነት ዓለም ዐወቀ። አንባቢ ሆይ፣ በወሎ መስጊዶችና በመሻይኾቻችን ቤት በሣጥን የተቀመጡትን የእጅ ጽሑፎች አስባቸው። ጣሪያ ያፈሰሰበትና ምስጥ የበላው ኪታብ ምን ይዞ እንደጠፋ የሚነግረን የለም።

በኋላ ፈረንሳዊው ፍሬኔል ወፍራሙን ሌንስ በቀለበት በቀለበት ቆራርጦ አቀለለው፤ በ1823 እ.ኤ.አ. የመርከብ መብራት ማማ ላይ ተተከለ። ዛሬ ከአገልግሎት ውጪ በሆነ የትምህርት ቤት ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ውስጥ ያለው ስስ ፕላስቲክ ወይም መስታወት በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከመጣሉ በፊት ሌንሱን ማውጣት ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ሙቀት ማየሉና መብዛቱ ይለያያሉ። በጠራ ቀን ቀትር ላይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ወደ 1000 ዋት የፀሐይ ኃይል ያገኛል። ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሌንስ የሚሰበስበው 90 ዋት ያህል ብቻ ነው። እንጨት ያቃጥላል፣ ጥቂት ስኒ ውሃ ያፈላል፤ ከ3000 ዋት በላይ የሚፈልገውን ምጣድ ግን አያግልም። ለእንጀራ ሰፊ መስታወት ያስፈልጋል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር በዚህ መንገድ እንጀራ መጋገርን ሞክሮ ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ይህ ለእኛ ለምን ያስፈልጋል? መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በበጋ ፀሐይ አይጠፋም፤ የጠፋው እንጨት ነው። ከጥንቱ ጫካ የተረፈው ደንቆሮ ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ተከልሏል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ለማሳው የሚገባው ፍግ አመድ ይሆናል፤ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ጭሱን ይምጋሉ።

አንድ ሌንስ ይህን አይፈታም። ነገር ግን ለመድረሳ ደረሳ አላህ (ሱ.ወ.) በፀሐይ ያኖረውን ጸጋና የቀደምቶቹን ድካም ባንድ ጊዜ ያሳየዋል። ሲያሳዩ ጥንቃቄ ይደረግ፤ በሌንስ ወደ ፀሐይ መመልከት ዓይን ያጠፋል፤ ከጭድ ክምር አጠገብ የተረሳ ሌንስም ቤት ያቃጥላል።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ሁለት ነገር እንዲይዝ አደራ እላለሁ፤ ኪታቦቹን ከዝናብ ያድን፣ ደረሶቹንም ከቁርኣን ትምህርታቸው ጋር ሒሳብና ሳይንስ ያስተምር። ኢብን ሰህልን ያፈራው የሁለቱ አብሮ መኖር ነውና።

ወሏሁ አዕለም።