«እኮ» የምትባል ቃል

እስቲ ቀረብ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ አንዲት ቃል መጽሐፍ ውስጥ ለመግባት ያየችውን መከራ ነው። ቃሏ ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ «እኮ» ትባላለች።

ነገሩ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ጀበና ጥደው ከሚውሉ እናት ዘንድ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል፤ እኔም እማማ እላቸዋለሁ። ቤታቸው ሦስት ቆርቆሮና አንድ ሸራ ነው፤ ረከቦቱ ሥር ግን ቄጠማ ጠፍቶ አያውቅም። ጋቢ የደረበ ዘበኛ፣ ተራ የሚጠብቅ ወያላ፣ ቢሮ የረፈደባት ጸሐፊ ዱካ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ አቦል ሊቀዳ ሲል መብራት ጠፋ። «ሄደ!» አልን ሁላችንም በአንድ አፍ። እማማ በጨለማው ውስጥ ክብሪት እየፈለጉ፣

«ሄደ አትበሉ ልጆቼ» አሉ። «ሄደ የሚባለው እኮ የኖረ ነው። ይሄማ እንግዳ ነው፤ ተሰናበተ በሉ።»

ዘበኛው ትንታ ያዘው። ወያላው የራሱን ጉልበት ትቶ የጎረቤቱን መታ። እማማ ግን አልሳቁም፤ ሻማውን በተደፋ ሲኒ ቂጥ ላይ አጣብቀው ቡናውን ቀዱልን።

ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት። በዚያን ጊዜ ከእንዲህ ካለው ጨዋታ ሃያ ያህል ወግ ጽፌ ነበር፤ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የእድር ስብሰባ አለ፣ የበዓል ዋዜማ የዶሮ ክርክር አለ፣ ሶፋ ተሸክሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መውጣት አለ።

ወግ ስል ቀልድ ማለቴ አይደለም። ቀልድ ባለቤት የለውም፤ ማንም ይነግረዋል፣ የትም ይነገራል። ወግ ግን አድራሻ አለው። ያ መብራት፣ በዚያ ምሽት፣ በእኒያ እናት አፍ። መስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያወጡ ለእኛ ለኋለኞቹ በር ከፈቱልን፤ ቁም ነገር ቡና ቤት ጥግ ላይም ቁጭ ብሎ እንደሚገኝ አሳዩን። በዕውቀቱ ስዩም በ2008 ዓ.ም. «ከአሜን ባሻገር»ን ሲያወጣ ደግሞ መጽሐፉ በአዟሪዎች ክንድ ላይ ሆኖ ከተማውን ሲዞር አይቼ፣ የእኔም ደብተር አንድ ቀን እዚያ ክንድ ላይ ይወጣል አልኩ።

ታዲያ ወጉ አድራሻ ካለው፣ ከማሳተሜ በፊት ባለቤቶቹ ዘንድ ይዤው ልሂድ ብዬ ወሰንኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሰው ቤት ገብቶ የወሰዱትን ሳያሳዩ ገበያ ማውጣት ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

እማማ ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ሰንበት ከሰዓት፣ ሰው ሳይበዛ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። ቡና እየለቀሙ ነበር፤ ጣታቸው ሳያቆም ጆሯቸውን ሰጡኝ። የመብራቱ ቦታ ስደርስ ጣታቸው ቆመ። እኔ ለማሳመር ብዬ ከራሴ አንድ ነገር ጨምሬበት ነበር፤ «ተሰናበተ በሉ፤ ያውም ቡና ሳይጠጣ» የሚል።

«ቡና ሳይጠጣ ያልኩት መቼ ነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እማማ።»

«አውጣው። ከእኔ ደጅ ቡና ሳይጠጣ የወጣ እንግዳ የለም።»

አወጣሁት። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ደግሞ ‹እኮ› የምትለዋን ጥለሃታል» አሉኝ። ደብተሬን አየሁ። እውነታቸውን ነበር፤ «ሄደ የሚባለው የኖረ ነው» ብዬ ነው የጻፍኩት። በእስክሪብቶ፣ እዚያው ፊታቸው ጨመርኳት። እሳቸው ቡና መልቀማቸውን ቀጠሉ።

እንዲህ እያልኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። አብዛኛው ሰው ሳቀ፤ አንዳንዱም ያላለውን ጨመረልኝ። አንዱ ጎረቤቴ ግን ዝም አለ። ወጉ ልጁን ሲድር ከአራት ቦታ ተበድሮ ድንኳን ስለመጣሉ ነበር። ጓደኞቼ ከሁሉ አብልጠው የሳቁበት እሱ ነው። ጎረቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ፈገግ ለማለት ሞክሮ፣ «ጥሩ ነው። ልጄ ታነባለች እኮ» አለኝ።

ያንን ወግ ቀደድኩት። የ«እኮ»ን ክብደት ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ሰውየው አልተቆጣም፣ አልለመነኝም፤ ልቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሁለት ፊደል ላይ ጭኖ አቀበለኝ።

ከዚያ ተራው የአራሚው ሆነ። ዕድሜያቸውን ማተሚያ ቤት ውስጥ ረቂቅ ሲያርሙ የጨረሱ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተውም ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አይለይም። ረቂቁን በሁለት ሳምንት መለሱልኝ። አርባ አንድ «እኮ» ሰርዘዋል፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

«ይቺ የአፍ ናት፤ የጽሑፍ አይደለችም» አሉኝ።

በብዙዎቹ ላይ ልክ ነበሩ። ያልተነገረ እኮ፣ እኔ ከልማድ የበተንኩት እኮ ሞልቶ ነበር። የእማማዋን ግን አልለቅም አልኩ። «ጋሼ፣ በጆሮዎ ይስሙልኝ» ብዬ ሁለቱንም አነበብኩላቸው። «ሄደ የሚባለው የኖረ ነው።» ትንሽ ቆየት ብዬ ደግሞ፣ «ሄደ የሚባለው እኮ የኖረ ነው።» የመጀመሪያው አዋጅ ይመስላል፤ በሁለተኛው ሴትየዋ ዘወር ብለው ያዩሃል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «መልሳት» አሉኝ።

ገንዘቡ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። አሳታሚ አልነበረኝም። እኛ አገር ብዙው ደራሲ እንደሚያደርገው አሳታሚውም ከፋዩም እኔው ነበርኩ። እቁባችን 20 ሺህ ብር ነበር፤ ዕጣው የወጣለት ወዳጄ ለቀቀልኝ፤ ስምንት ሺህ ብር ደግሞ እህቴ አበደረችኝ። ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፤ ፕሮፎርማው ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ7 ቀን ብቻ ነው» ይል ነበርና በስድስተኛው ቀን ቀብዱን ከፈልኩ።

ማተሚያ ቤት መጽሐፍን በገጽ አይቆጥርም፤ በፎርማ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ፊትና ጀርባው ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል፤ ያ አንድ ፎርማ ነው። የእኔ መጽሐፍ አሥር ፎርማ፣ 160 ገጽ ወጣው። ለእያንዳንዱ ፎርማ ሁለት ፕሌት ይሠራል፤ ለፊቱ አንድ፣ ለጀርባው አንድ፣ እያንዳንዱም ስምንት ገጽ ይዞ። ፕሌቱ አንዴ ከተሠራ አንድ ፊደል ፍቆ ማስተካከል የለም፤ ስምንቱም ገጽ እንደገና ይሠራል።

ፕሌቱ ከተሠራ በኋላ ነው እንግዲህ፣ ለማየት ያህል የወጣውን ሉክ ይዤ ማታ ቤቴ ገባሁ። የመብራቱን ወግ ፈልጌ አወጣሁት። «ሄደ የሚባለው የኖረ ነው።» እኮ የለችም! ገጹን ያቀናበረልኝ ልጅ ለማተሚያ ቤቱ የላከው ጋሼ «መልሳት» ከማለታቸው በፊት የነበረውን ፋይል ኖሯል። ሌላው ልዩነት ኮማና አራት ነጥብ ነው፤ የሚያስከፋ አይደለም። የጎደለችው እሷ ናት።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ማን ያውቃታል? የሚያነበው ሰው ይናፍቃታል? ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ እማማ ያውቋታል። ጠዋት ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ከሠራተኛው ቀድሜ ቆምኩ። ማሽኑ ሁለተኛው ፎርማ ላይ ነበር፤ የእኔዋ ሦስተኛው ላይ ናት። ለአዲስ ፕሌት የከፈልኩት የሳምንት ምሳዬንና የታክሲዬን ነው። ኦፕሬተሩ «ለየትኛው ስህተት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። «የእኔም እናት እንደዚህ ነው የምትናገረው» ብሎ አሮጌውን ፕሌት አወረደው።

በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ 1,000 ቅጂ በኩንታል ማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ቤቴ ገባ። አልጋዬ ሥር፣ ቁም ሳጥኔ ላይ፣ የበሩ ጀርባ፣ ሁሉም መጽሐፍ ሆነ። ለመደብሮች ከሽፋኑ ዋጋ ከመቶ 30 እየተውኩ ሰጠሁ፤ የቀረውን አዟሪዎች ወሰዱት። ከመዳፋቸው እስከ አገጫቸው መጽሐፍ ደርድረው ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ለገሃር የሚመላለሱትን ታውቋቸው የለ? አንደኛው ሰው ሲያቆም ስለ እኔ አንድ ቃል አይናገርም፤ የመብራቷን ቦታ ገልጦ ያነብለታል። ገዢው ከሳቀ ሸጧል። ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ምረቃ፣ እንዲህ በጆሮ ነው የተሸጠልኝ። ስምንት ወር ወሰደ፤ የእህቴን ገንዘብ መለስኩ፣ እቁቤንም ጣልኩ።

የመጀመሪያውን ቅጂ የወሰድኩት ለእማማ ነው። በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ረከቦቱ አጠገብ፣ ከስኳሩ ጣሳ ጎን አስቀመጡት። ዛሬም እዚያው ነው፤ ሽፋኑ የጭስ መልክ ይዟል፣ ጠርዙ ላይ የሲኒ ክብ ታትሞበታል። ቡና እስኪደርስ የሚያነሳው ሰው አይጠፋም፤ ጮክ ብሎ ካላነበበ ግን እማማ አይወዱም።

ባለፈው ሰሞን አንድ የማላውቀው ተማሪ አንስቶ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ፈጠን ፈጠን እያለ የመብራቱ ቦታ ደረሰና «ሄደ የሚባለው የኖረ ነው» ብሎ አለፈ።

እማማ ጀበናውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ‹እኮ› አለች እኮ እዚያ ላይ» አሉት።

ልጁ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ፈለገና አገኛት።